ከወላጆቼ የወረስኳቸው ሦስት ቃላት

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እዚህ ሪቨርዴል ፓርክ ያለነው ደህና ነን፣ ተመስገን።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚችው ስለ መጨረሻዋ ቃል ነው። ሰው «እንደምን አደራችሁ?» ሲለን «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሃምዱሊላህ» ብለን እንመልሳለን። ደህና ብንተኛም፣ ስንገላበጥ ብናድርም፣ ሥራ ብናገኝም፣ ከሥራ ብንቀነስም መልሱ ያው ነው። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ «ፋይን» ይላሉ፤ ስለ ራሳቸው መናገራቸው ነው። እኛ ግን ስለ ራሳችን ምንም ሳንናገር አመስግነን እናልፋለን። ስለለመድነው አይታወቀንም። እዚህ አገር ተወልዶ ለሚያድግ ልጅ ግን ግራ ያጋባል።

የ11 ዓመቷ ልጄም ግራ ገብቷት ያውቃል። ባለፈው ዓመት አባቴን ጉልበቱን ክፉኛ አሞት ሐኪም ዘንድ ይዘነው ሄድን። ነርሷ «ሕመሙ ከ1 እስከ 10 ቢለካ ስንት ይሆናል?» ብላ ስትጠይቀው «ታንክ ጋድ» ብሎ መለሰላት። እሷ ቁጥር ትጠብቃለች፤ እሱ ፈገግ ብሎ ያያታል። ደግማ ጠየቀችው። «ታንክ ጋድ፣ ኢት ኢዝ ኦኬ» አላት። ይሄኔ ልጄ ጣልቃ ገብታ «ስምንት ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ» አለችና ስምንት ተብሎ ተጻፈ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጥያቄዋን አመጣችው። «አባባ፣ እያመመዎት ለምን ተመስገን ይላሉ? ውሸት አይሆንም?» («እርስዎ» ማለትን የተማረችው እዚሁ ትምህርት ቤታችን ነው፤ መምህራኑን እግዜር ይስጥልን።) አባዬ ትንሽ ዝም አለና፣ «ተመስገን ማለት አላመመኝም ማለት እኮ አይደለም» አላት።

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ከዚህ የባሰ ቀን አልፏል ማለት ነው። ያሳለፈኝ ሰው ደግሞ ነበረ ማለት ነው።»

ለልጅ ይህ መልስ አይበቃም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ ቀስ እያለ ነገራት። እኔም ወጥ እያማሰልኩ እሰማ ነበር። ታሪኩን ሳውቀው ኖሬአለሁ። በሷ ጥያቄ በኩል ስሰማው ግን ሌላ ነገር ገባኝ። እዚህ አገር «ሪዚሊየንስ» የሚሉትን፣ እኛ ጽናት የምንለውን ነገር፣ ወላጆቻችን ከየት እንዳመጡት ያየሁ መሰለኝ። ላካፍላችሁ።

አባቴ ከጎንደር የወጣው በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። 22 ዓመቱ ነበር፤ እኔ የአራት ወር ሕፃን ነበርኩ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲለቀሙ ተራው እንደሚደርስ አወቀ። ሌሊት ሌሊት እየሄደ፣ ቀን ቀን ጫካ እየዋለ መተማ ደረሰ፤ ድንበሩን ተሻግሮም ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገባ። ከእናንተም መካከል አባቱ፣ እናቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ በዚያ መንገድ የወጣ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

አባዬ ይህን መንገድ ሲያወራ ስለ እሾሁና ስለ ውሃ ጥሙ ብዙ አይቆይም። የሚያወራው ስለ አንዲት የገዳሪፍ ሴት ነው። ወባ ይዞት ከአንድ የማሽላ መጋዘን ጥግ ወድቆ ሳለ ያገኘችው የነጋዴው ሚስት ናት። እሱ ዓረብኛ አያውቅ፣ እሷ አማርኛ አታውቅ። እነሱ ማዲዳ የሚሉትን፣ የእኛን አጥሚት የሚመስለውን እየሠራች ስታጠጣው ሰነበተች። ሲሻለው ባሏ ጆንያ እንዲሸከም ቀጠረው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ስለሆነች ሥራ አልጠፋም። እዚያ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረ። አጥርቶ የተማረው የመጀመሪያው የዓረብኛ አነጋገር ለእሷ የሚላት «ጀዛኪላህ ኸይር» ነበር፤ አላህ በመልካም ይመንዳሽ ማለት ነው።

አሜሪካ በ1980 (እ.ኤ.አ.) አዲስ የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ሱዳን ለነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን መንገድ ተከፈተ። አባዬም በ1982 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ገባ። አዳምስ ሞርጋን አንዲት አፓርታማ ለአምስት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጤፍ እንደ ዛሬው በየሱቁ አልነበረም፤ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን የፈረንጅ ዱቄት በጥብጠው በመጥበሻ ይጋግሩ ነበር። «ዓይን የሚባል አልነበረውም፤ እኛ ግን እንጀራ ብለን ጠራነው፣ እሱም አቤት አለን» ይላል እየሳቀ።

ቀን ፓርኪንግ ሎት እየሠራ ማታ ለታክሲ ፈቃድ ፈተና ያጠና ነበር። ከተማዋ በአራት አቅጣጫ ትከፈላለች፤ ብዙዎቹ መንገዶች በፊደልና በቁጥር የተሰየሙ ናቸው። ከ«አይ» ስትሪት ቀጥሎ «ኬ» ስትሪት ነው እንጂ «ጄ» የሚባል መንገድ የለም። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያስጠናው ቀድሞት የተፈተነ አንድ የአሥመራ ልጅ ነበር። የመጀመሪያዋን ታክሲ የገዛው ደግሞ በእቁብ ነው። የዋሽንግተን ታክሲ እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሜትር አልነበረውም፤ ሒሳቡ የሚሠራው በዞን ነበር። ሜትሩ ሲገባ አሠራሩን እንደገና ተማረ። ከዚያ ኡበር መጣና ገበያው ቀዘቀዘ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አባዬ «ያልፋል» እያለ ነድቶ፣ ነድቶ ጡረታ ወጣ።

ልጄ ይህን ስትሰማ የቆጠረችው ሌላ ነገር ነው። «አባባ፣ በታሪክዎ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይመጣል» አለችው። እውነቷን ነው። የገዳሪፏ ሴት አለች፣ የአሥመራው ልጅ አለ፣ እቁብተኞቹ አሉ። እኔ አባቴን ብቻውን ተራራ የገፋ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። እሱ ግን ሲያወራ ብቻውን የሆነበት ቦታ የለም።

አሁን ደግሞ ወደ እናቴ ልምጣ። አባቴ ሲወጣ እማዬ 19 ዓመቷ ነው። ባሏ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ሁለት ዓመት ቆየች። ቀበሌ ሲጠይቅ ጎረቤቶቻችን በሙሉ፣ እንደተማከረ ሰው፣ «ለሥራ ቆላ ወርዷል» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ማለት ራሱ ያሳስር ነበር። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች ትሸጥ ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች 12 ሆነው ሳምንታዊ እቁብ ነበራቸው። እቁብ በዕጣ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እሷን ግን የእቁቡ ዳኛ፣ «ሕፃን ይዛለች፤ የመጀመሪያው ይሰጣት፤ አይዞሽ» አለችና ሁሉም እሺ አሉ። በዚያች ገንዘብ ጤፍና ምጣድ ገዛች። እኔን ያስተማረችኝ ያቺ ምጣድ ናት።

ስለዚህ የእማዬ ቃል «አይዞሽ» ነው። ልጆቻችን ይህን ቃል ሲማሩ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዟችሁ እያሉ ይለማመዱታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቃሉ ሁልጊዜ የሚባልለትን ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይባላል። በእንግሊዝኛ «ስትሮንግ» መሆን አንድ ሰው ለብቻው የሚሆነው ነገር ነው። አይዞሽ ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እማዬ እስከ ዛሬ ልጄ ፈተና ሲጠብቃት፣ ጥርሷ ሲነቀል፣ ጓደኛዋ ስታኮርፋት ስልክ ደውላ የምትላት ይህንኑ ነው። ልጄም ለታናሽ ወንድሟ ስትል ሰምቻታለሁ፤ ከእንግሊዝኛው መሃል «አይዞህ» ብቻ አማርኛ ሆኖ ይወጣል። ለዚያ ቦታ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ያገኘች አይመስለኝም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. እማዬና እኔ መጣን። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ የቆመውን ሰው የማውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነበር። 14 ዓመት አልፎ ነበር። እማዬ ዓይኑን አይታ መጀመሪያ ያለችው «ተመስገን» ነው። እሱም «ተመስገን» አለ። 14 ዓመት ሙሉ የሆነባቸው ነገር ሁሉ እያለ፣ ወቀሳም ጥያቄም እያለ፣ የተባባሉት ይህንኑ ነበር። ወቀሳው ኋላ መጥቷል፤ እሱም የቤት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ቃል «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። የዚህ ታሪክ ረዘም ይላል።

የገዳሪፏ ሴት ካረፈች ቆይታለች። አባዬ ግን በየዓመቱ ለዒድ ለልጇ ይደውል ነበር። ያን ጊዜ አባዬ ትከሻ ላይ እየወጣ የሚጫወት የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ኋላ ካርቱም ገብቶ አስተማሪ ሆነ፣ ወለደ፣ ከበደ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። ለእኛ ቀዳም ሹር ነበር፤ ለእነሱ የረመዳን መጨረሻ ሰሞን። ዶሮው እየተሠራ፣ ቤቱ ቄጤማ ቄጤማ እየሸተተ፣ አባዬ ስልኩን አልለቅ አለ። አይነሳም። በፋሲካም፣ በማግስቱም አይነሳም።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሰውየው ደወለ። ቤተሰቡን ይዞ፣ በገዳሪፍ በኩል አድርጎ፣ ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ገብቷል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሱዳናውያን በዚያ በር ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ ነበር። አባዬ ከ45 ዓመት በፊት በወጣበት መንገድ እነሱ ገቡበት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

የእማዬ የእህት ልጅ ጎንደር አለች። ገንዘብ ላክንላት። ብርድ ልብስ፣ መድኃኒትና ዱቄት ሸምታ በአውቶቡስ መተማ ወረደችና አገኘቻቸው። ከዚያ ነሐሴ ላይ በአማራ ክልል ውጊያው ሲበረታ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መንገዱም አስጊ ሆነ። አምስት ወር ሙሉ ድምፃቸው ጠፋ። በእነዚያ ወራት አባዬ ጠዋት ጠዋት ተመስገን ማለቱን አልተወም፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር። ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሁሉም በሕይወት አሉ።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ በሒሳብ ጎበዝ ስለሆነች፣ «ታዲያ አሁን ከፍለዋል፤ እኩል ሆናችሁ» አለችው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «ያቺ ሴት እኮ ስሜን ሳትጠይቅ ነው ያስገባችኝ። እኔ የላክሁት ስማቸውን ለማውቃቸው ሰዎች ነው። እኩል አይደለም።»

እዚህ ላይ ነው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል የገባኝ። «ይስጥልኝ» ውስጥ ያለችው «ልኝ» ሥራ አላት፤ እኔ ልሰጥህ የማልችለውን፣ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥህ ማለት ነው። ቃሉ ብድሩን መመለስ እንደማይቻል አምኖ ይጀምራል። የገዳሪፉ «ጀዛኪላህ ኸይር»ም ያው ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ልጄ አስገረመችን። በበረዶው ሰሞን ከኤል ሳልቫዶር የመጡት ጎረቤታችን የአባዬን በር ጠርገውለት ነበር፤ እሱም ድፎ ዳቦ ቆርሶ በልጄ ላከላቸው። ሴትየዋ ዳቦውን ተቀብላ «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» አለቻት። ልጄ እየሮጠች መጣች። «አባባ! እሳቸውም እግዜር ይስጥልኝ አሉ!» ስፓኒሽ ትምህርት ቤት ስለምትማር ገብቷታል፤ እግዚአብሔር ይክፈልዎት ማለት ነው። አንድ መንገድ ላይ ሦስት ቋንቋ ተገናኘ። አባዬ ያን ቀን ስለ ጉልበቱም ረሳ።

አሁን ይህ ለእኛ ለወላጆች ምን ይጠቅመናል? ሁለት ነገር ላንሳና ላብቃ።

አንደኛው አነጋገራችን ነው። ልጆቻችን ምስጋና ቢሶች እንዳይሆኑ እንፈራለን። እውነት ነው፣ ያስፈራል። ፍርሃታችን ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በተግሣጽ ነው፦ «እኛ በኩራዝ ነው ያጠናነው»፣ «እኛ በባዶ እግራችን ነው የሄድነው»፣ «አንተ ሁሉ ሞልቶልህ!» ልጁ ከዚህ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለኝ ነገር ጥፋቴ ነው ብሎ ያስባል። ኩራዙንና ባዶ እግሩን መንገራችን ደግ ነው። ግን ጋዙን ማን ያበድረን እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ጫማ ማን እንደገዛልን ጨምረን ብንነግራቸውስ? ልጅ በሰው ችግር ውስጥ ራሱን ማየት ይከብደዋል። በረዳው ሰው ውስጥ ግን ያያል፤ እኔም እንዲህ ላደርግ እችላለሁ ይላል። ልጄ ከአያቷ ታሪክ ለራሷ የወሰደችው መንገዱን አይደለም፤ ማዲዳውን ነው። ትምህርት ቤቷ ከሆንዱራስ አዲስ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ምሳ ሰዓት አጠገቧ መቀመጥ ጀምራለች። እኔ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው። ተመስገን ሕመም መሸፈኛ እንዳይሆን። በእኛ ቤት ተመስገን እያለ ስኳሩን ሳይለካ የሚኖር፣ ያልፋል እያለ ጭንቀቱን ለማንም የማይናገር ሰው አለ። ልጆቻችንም ይህን ያያሉ፤ ጠንካራ ሰው አይናገርም ብለው ይማራሉ። አባዬ ራሱ ከዚያ የሐኪም ቀጠሮ በኋላ ለውጧል። አሁን ስንጠይቀው «ተመስገን፤ ግን ስድስት ነው» ይላል። ምስጋናውም አለ፣ ቁጥሩም አለ። ልጄ ይህንን እንደ ትልቅ ድል ነው የያዘችው። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ያስተማረችው።

በመጨረሻ፣ መምህራኑ ከፈቀዱ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቻችን አያታቸውን፣ አያት እዚህ ከሌሉ በስልክ፣ ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በክፉ ቀን ማን ደረሰልዎት?» መልሱን በአማርኛ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ትንንሾቹ ሥዕል ይሳሉና የሰውየውን ስም ብቻ በፊደል ይጻፉበት። ስሙ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ፣ አንዳንዱ እንደ ገዳሪፏ ሴት ስሙን ሳይነግረን የሚሄድ ነውና፣ የደረሰበትን ቦታ ይጻፉ። «አያቴ ተመስገን ነው ብቻ አሉኝ» ብሎ የሚመጣ ልጅ እንደሚኖር ከወዲሁ አውቃለሁ። አይዟችሁ፤ ደግሞ ይጠይቅ። ሁለተኛው መልስ ረዥም ነው።

ቸር ሰንብቱ።